ያልተመረቀው ስብሰባ

እኔ ስብሰባ ላይ የምቆጠረው ሦስት ሰው ሆኜ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በር ላይ የሚሞላው ፎርም «ሴት» የሚል ዓምድ አለው፤ «አካል ጉዳተኛ» የሚል አለው፤ «ጥቃቅን ነጋዴ» የሚልም አለው። መዝጋቢዋ ቀና ብላ ታየኝና ሦስቱም ላይ ምልክት ታደርጋለች። ኋላ ሪፖርት ሲነበብ ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞችና ነጋዴዎች በንቃት ተሳትፈዋል ይባላል። ሴቶቹም እኔ፣ አካል ጉዳተኞቹም እኔ፣ ነጋዴዎቹም እኔ ነኝ። ንቃቱን ከየት እንዳመጡት ግን አላውቅም፤ ከጠዋት እስከ ምሳ ከእንቅልፌ ጋር ስታገል ነው የምውለው።

በልጅነቴ የያዘኝ ልምሻ አንድ እግሬን አስቀርቶብኛል፤ በሁለት ክራንች ነው የምሄደው። ደብረ ማርቆስ ገበያው ዳር የስፌት ሱቅ አለችኝ። ሱቅ ካላችኋት ማለቴ ነው፤ መኪናዬና እኔ ከገባን ደንበኛ ደጅ ቆሞ ነው የሚለካው። ቁምጣ እሰፋለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም አሳጥራለሁ። መኪናውን በደህናው እግሬ እረግጠዋለሁ። ሰፍቼ ያስረከብሁት ልብስ ተመልሶብኝ አያውቅም።

የሰፈራችን አካል ጉዳተኞች ተወካይ የሆንሁት ሌላ የፈለገው ሰው ስለጠፋ ነው። ከዚያ ወዲህ ማኅተሙ ግማሽ ገጽ የሚሸፍን ደብዳቤ ይመጣልኛል። የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ ይላል። መድረኩ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት ብሎ ነገር የለም። መጀመሪያ የተጠራሁ ቀን ደረጃው ሥር ቆሜ ሽቅብ ሳይ፣ አናቱ ላይ ማንንም ወደ ኋላ ስለማይተው ልማት የሚያወራ ባነር ተሰቅሏል። አይ ጉድ! እኔ እታች ቀርቼ እሱን አነባለሁ። በመጨረሻ ሁለት ዘበኞች በወንበር አንሥተው ሲያወጡኝ፣ የሕዝብ ግንኙነቱ ሰውዬ እየሮጠ ፎቶ አነሣኝ። ቀሚሴ ተሰብስቦ፣ ጉልበቴ ወጥቶ፣ አንድ ጫማዬ ወልቆ። ያ ፎቶ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከርሟል። ከሥሩ «አካታችነት በተግባር» ተብሎ ተጽፎበታል። ስንት ቀን በዚያ በኩል ሳልፍ ብርድ ብርድ ብሎኛል መሰላችሁ።

ከእኔ ሌላ ከዚያ አዳራሽ የማይቀሩ ሰው ቢኖሩ የኔታ ናቸው። የኔታ የምላቸው ሰፈራችን ያሉትን የቅኔ መምህር ነው፤ ዐይነ ስውር ናቸው። በወጣትነታቸው በደብረ ኤልያስና በደብረ ወርቅ ተምረው፣ እኛ ደብር መጥተው ጉባኤ ከዘረጉ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። የሚጠሩት ግን ሐሳብ እንዲሰጡ እንዳይመስላችሁ። የሚጠሩት እንዲመርቁ ነው።

እኛ አገር ስብሰባ በጭብጨባ አያልቅም፤ በምርቃት ነው የሚያልቀው። ሰው ሁሉ ይነሣል፣ መዳፉን ይዘረጋል፣ ሽማግሌው ይመርቃሉ፣ ሰው አሜን እያለ ይቀበላል። ከምርቃት በኋላ ነገር የሚያነሣ የለም፤ ነውር ነው። ሳይመረቁ ውልቅ ብሎ መሄድም እንዲሁ ነውር ነው፤ ጠብ አለኝ እንደ ማለት ይቆጠራል። ይህንን አንድ ሰው አሳምሮ አውቆበት ነበር፤ የመንገድ ሥራው አስተባባሪ። እጅ መውጣት ሲጀምር ሰዓቱን ያያል፤ «እንግዲህ የኔታ ይመርቁንና» ይላል። የወጣው እጅ ሁሉ ወርዶ መዳፍ ሆኖ ይዘረጋል። እኔም በዚያ አዳራሽ ከአንድም ሦስቴ ጥያቄዬን ውጬ አሜን ብያለሁ። እሱ እቴ፣ ብልጠት ሲያንሰው ነው!

ታዲያ አንድ ዓመት የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው ተባለና እልል አልን። ክረምት በገባ ቁጥር ጭቃው ክራንቼን እየዋጠ ሲያሰቃየኝ ኖሯልና፣ ከማንም በላይ የተደሰትሁት እኔ ነበርሁ። ቆይቶ ፕላኑ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። መንገዱን ተከትሎ የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈራል፤ ጥልቀቱ እስከ ወገብ፣ ክዳን የለውም። መጀመሪያ የሚቆፈረው በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያለው የላይኛው ክፍል ነው። በገበያው በኩል ያለው የታችኛው ክፍል፣ ማለትም የእኔ ሱቅ ያለበት፣ በሁለተኛው ዙር ነው ተባለ። የኔታ ቤታቸው ከመንገዱ ወዲህ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ የጓሮ በርና የእኔ ሱቅ ከመንገዱ ወዲያ። ቦዩ በመካከል ሊያልፍ ነው።

የእጀ ጠባባቸውን ኪስ ላሰፋ ብለው ሱቄ የመጡ ቀን ነገርኋቸው። ጥልቀቱን ጠየቁኝ። ምርኩዛቸውን አቁሜ፣ እጃቸውን ይዤ፣ እስከዚህ ድረስ ነው ብዬ አስዳሰስኋቸው። «እንግዲያውስ ቤቴ መቅረቴ ነው» አሉ።

ተማሪ ይምራዎት እንጂ ብላቸው ተቆጡኝ። እዚህ አገር ከገቡ ጀምሮ ማንም እጃቸውን ይዞ ጎትቷቸው አያውቅም። ያቺን መንገድ በምርኩዛቸው እየዳሰሱ፣ የጓሮ በሯን በእጃቸው እያገኙ ነው ማኅሌት የሚቆሙት፣ ጉባኤ የሚያስተምሩት። ደግሞስ ተማሪው ትምህርቱን ትቶ እሳቸውን ሲያመላልስ ይዋል? እንደዚያ ከሆነ መምህርነቱ ምኑ ላይ ነው አሉ። እውነታቸውን ነው። የሚፈልጉት አንዲት ድልድይ ነች፤ ሰማይ አልጠየቁም።

አንቺ ተወካይ ነሽ፣ ንገሪልኝ አሉኝ። ነገርሁ። አንድ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ስናገር አስተባባሪው ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝና አስተያየቱ ተወስዷል አለ። የት እንደተወሰደ እግዜር ይወቀው። በሚቀጥለው ስብሰባ ስጠይቅ ሐሳቤን በጽሑፍ እንዳስገባ ተነገረኝ። ጻፍሁ። ጸሐፊዋ ተቀብላ ማኅተም መታችበት፣ ቁጥር ሰጠችው፣ መደርደሪያ ላይ አኖረችው። ከዚያ ወዲያ ያቺን ወረቀት ያያት ቢኖር አቧራ ነው።

የማጽደቂያው ስብሰባ ቀን ደረሰ። እኔ በዘበኞቹ ትከሻ፣ የኔታ በምርኩዛቸው ደረጃውን ወጣን። አስተባባሪው ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራ። እንደምታዩት ይላል በየመካከሉ። የኔታ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ እንደምታዩት! የታችኛው ቀስት፣ የላይኛው ቀስት፣ ቀዩ መስመር፣ ሰማያዊው መስመር ይላል። አንድም ጊዜ ለእሳቸው ምን ላይ እንዳለ የነገራቸው የለም። መጨረሻ ላይ ዕቅዱ ተጋላጭ የኅብረተሰብ ክፍሎችን በስፋት ያሳተፈ እንደ ነበር አበሰረን። ምሳ እታች ተሰናድቷል፤ የጥብሱ ሽታ በመስኮት ይገባል፤ ሰው ሁሉ ሆዱ ቀድሞት ወርዷል።

እጄን አወጣሁ። አየኝ። ዐይን ለዐይን ተገጣጠምን። ከዚያ ፊቱን ወደ የኔታ መለሰና እንደ ልማዱ እንግዲህ የኔታ ይመርቁንና ወደ ምሳ እንሂድ አለ። ሰው ግር ብሎ ተነሣ። መዳፍ ተዘረጋ።

የኔታ አልተነሡም። ያልሰሙ መስሎት ጠጋ ብሎ ደገመላቸው።

«ሰምቻለሁ፤ አልመርቅም» አሉ።

የዚያን ጊዜ የሰውን ፊት ብታዩት! ያ ሁሉ ባለ ከረባት መዳፉን እንደ ዘረጋ ቀረ። ቢያጥፈው ነውር፣ ቢዘረጋው የሚቀበለው ነገር የለ። በሩ አጠገብ የነበሩት ሹልክ ሊሉ ሞክረው እርስ በርስ ተያዩና ተመለሱ። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ቄሶች ነበሩ፤ አስተባባሪው በዐይኑ ለመናቸው። ሁለቱንም ያስተማሯቸው የኔታ ናቸው። መሬት መሬት ማየት ያዙ። የኔታ እምቢ ካሉበት ላይ ተነሥቶ የሚመርቅ ደፋር ከየት ይምጣ? እኔ በበኩሌ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ክራንቼን ተደግፌ ቆሜ ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስሁ።

አስተባባሪው ላብ ላብ እያለው ምን አስቀየምንዎት አባታችን አለ። የኔታ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ስትጠሩኝ መጣሁ፣ ስትናገሩ ሰማሁ፣ የተናገርሁት ግን የለም፤ ያልተናገርሁበትን ነገር ምን ብዬ ልባርክላችሁ አሉት። እንግዲያው ይናገሩ ተባሉ። ተናገሩ። ምናልባት አንዲት ደቂቃ ቢፈጅባቸው ነው። ለሁለት ሰዓት ሥዕል ሲያበራ የዋለ ሰው አንዲት ደቂቃ ነፍጓቸው ነበር እንግዲህ።

ጸሐፊዋ ጻፈች። አስተባባሪው ወረቀቱን ተቀብሎ ለየኔታ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ምን ብሎ አነበበ መሰላችሁ? ለተጋላጭ የኅብረተሰብ ክፍሎች ተደራሽነት ልዩ ትኩረት እንዲሰጥ በአጽንዖት ተገልጿል።

«ይህንን ማን አለ?» አሉ የኔታ።

አዳራሹ ውስጥ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። እርስዎ ነዎት እኮ አላቸው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አልወጣም፤ ወረቀቱን አስቀምጠውና በቃልህ በለው አሉት። ይህ እንግዲህ የጉባኤ ቤት ደንብ ነው፤ ተማሪ የተነገረውን በቃሉ ሳያደርስ ከመምህሩ ፊት አይነሣም። አስተባባሪው ራሱ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳይገባ በፊት፣ ይጁቤ በኩል አኮፋዳ አንግቶ የተማረ ሰው ነው። ያ ሁሉ ኩራቱ ወዴት እንደ ሄደ አላውቅም፤ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ቆመላቸው። እነሆ ባለሥልጣን!

በመጀመሪያው ድልድይ አለና ቦታውን ረሳ። አቋረጡት። ሁለተኛ ሲጀምር ቦታውን አስታወሰና ከዓቅም ጋር ተገናዝቦ የሚል ጨመረበት። ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉና ያንን ከየት አመጣኸው አሉት። የተሰበሰበው ሰው ምሳውን ረስቶ ያዳምጣል። በሦስተኛው አንድ ፊደል ሳያጎድል አደረሰ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ የጓሮ በር ትክክል፣ ቦዩ ላይ፣ ደረጃ የሌለው፣ ጋሪ የሚያሳልፍ ድልድይ፣ ክረምት ሳይገባ።

የዚያን ጊዜ ተነሥተው መረቁ። አቤት ምርቃት! ጥብሱ ግን ረግቶ ነበር፤ ደግ አደረጋቸው።

ክረምት ሳይገባ ድልድይዋ ተሠራች። ፎርማኑ ድልድይ የሚባል ነገር ፕላኑ ላይ የለም ብሎ ሲከራከር፣ አስተባባሪው ወረቀት ሳይገልጥ እንደ ዳዊት አነበነበለት አሉ። ለካስ በቃል የገባ ነገር እንደ ደብዳቤ መደርደሪያ ላይ አይጣልም። የኔታ በመጀመሪያው ቀን ወርዱን በምርኩዛቸው ለክተው፣ ጠርዙን በእግራቸው ፈልገው፣ ተሻግረው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ማንንም አልጠየቁም።

ይህን ሁሉ ሳወራ ጀግና የሆንሁ ይመስላል። ቆይ፣ ቀጥሎ ያለውን ስሙ።

በዓመቱ የሁለተኛው ዙር ስብሰባ ደብዳቤ መጣልኝ፤ የገበያው በኩል ቦይ። በሱቄ ደጃፍ የሚያልፈው ማለት ነው። ለየኔታ ደብዳቤ አልሄደም። ለምን ብዬ ብጠይቅ ጸሐፊዋ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ስብሰባ ያጓትታሉ ተብሏል አለችኝ። የኔታ ስነግራቸው አልገረማቸውም። ቁጭ አድርገው ምን እንደምል አስጠኑኝ። ከስፌት ሱቆቹ ፊት ለፊት፣ ደረጃ የሌለው፣ ክራንች የማያንሸራትት ድልድይ፣ ቁፋሮው ሳይጀመር። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝና ሂጂ አሉኝ።

ሄድሁ። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ስብሰባውን ምድር ቤት አድርገውታል። አስተባባሪው በር ድረስ መጥቶ ተቀበለኝና ለእህታችን ክብር ስንል አዳራሽ ቀይረናል ብሎ ለሰው ሁሉ አስታወቀ። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ እኔን እታች ሊያስቀምጡኝ ነው ስል መድረክ ላይ አወጡኝ፤ ያውም ደረጃ በሌለው መወጣጫ፣ ለእኔ ብለው ከሳንቃ ባሠሩት። ከኃላፊዎቹ ጎን፣ ስሜ የተጻፈበት ካርቶን ፊት ለፊቴ፣ የፕላስቲክ አበባ አጠገቤ፣ ማይክራፎን አፌ ሥር። እኔ ሞኟ ቀሚሴን አስተካክዬ ተቀመጥሁ። ፎቶ ሲያነሡኝ ፈገግ ማለቴም አልቀረ። በወንበር ተሸክመው ሲያወጡኝ የተቆጣሁት እኔ፣ በሳንቃ ላይ ሳይነኩኝ ስወጣ ልቤ ቅልጥ ብሎ ቀረ።

ሳስበው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ የከለከለኝ ሰው አልነበረም። ማይክራፎኑ ክፍት ነበር። የተጠናው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ግን እንዲህ ካከበሩኝ በኋላ፣ ያ ሁሉ ሰው ካጨበጨበልኝ በኋላ፣ አሁን ደግሞ ድልድይ ስጡኝ ብዬ ላሳፍራቸው? ትንሽ ይቆይ፣ ሲጨርስ እላለሁ እያልሁ ተቀመጥሁ። ሲጨርስ ደግሞ ጠያቂ ብድግ ሲል እከተላለሁ አልሁ። ጠያቂ አልተነሣም።

በየኔታ ቦታ ሌላ ሽማግሌ አምጥተዋል። ሲጠቀሱ የሚነሡ፣ ሲጠቀሱ የሚቀመጡ፣ ንጹሕ ጋቢ የለበሱ መልካም ሰው ናቸው፤ እሳቸውን አልወቅስም። አስተባባሪው ሰዓቱን አየና አባታችን ይመርቁን አለ። ሰው ተነሣ። እኔም በክራንቼ ተደግፌ ተነሣሁ፤ ሁለቱም እጆቼ ተይዘዋልና መዳፌን እንኳ መዘርጋት አልችልም። ሽማግሌው ጉልበታችሁን ያጽናው፣ እግራችሁን ከእንቅፋት ይጠብቀው ብለው ጀመሩ። እንዲህ ላለ ምርቃት ማን አፉን ይዘጋል?

አሜን አልሁ። ማይክራፎኑ አፌ ሥር ስለነበር አዳራሹን ሞላው፤ ከሁሉም ቀድሜ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ ያልሁት እኔ ነበርሁ። ያን ቀን ሪፖርቱ ላይ ተጋላጭ የኅብረተሰብ ክፍሎች ዕቅዱን በደስታ ተቀብለዋል ተብሎ ሲጻፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አልዋሹም።

በወሩ ቁፋሮው ተጀመረ። ቦዩ በሱቄ ደጃፍ እስከ ወገብ ተቆፍሮ፣ በድንጋይ ተገንብቶ አለቀ። ሰዎች ጣውላ ጣል አድርገው ይሻገራሉ፤ ደንበኞቼም እየዘለሉ ይመጣሉ። እኔ ግን ክራንቼ ጣውላ ላይ አይቆምም። አቤቱታ ልጻፍ ብል ምን ብዬ? የተስማማሁበት ቃለ ጉባኤ ፊርማዬን ይዞ ተቀምጧል። ስለዚህ በየጠዋቱ ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እወጣለሁ፣ በዚያች በአንዷ ድልድይ እሻገራለሁ፣ ቁልቁል ወደ ገበያው እመለሳለሁ። ቀድሞ በአሥር ደቂቃ የምደርሰው ሱቅ አሁን ክራንቹ ብብቴን ልጦት ነው የምደርሰው።

በዚያ በኩል የዞርሁ ለታ የኔታ ከኪዳን ሲመለሱ ድልድይዋ ላይ ተገናኘን። የክራንቼን ድምፅ ያውቁታል። ቆም አሉና አንቺ ነሽ፣ በዚህ በኩል ምን አመጣሽ ብለው ጠየቁኝ። የእኔ በኩል ድልድይ እንደሌለው ነገርኋቸው።

«ስብሰባው ላይ ምን አልሽ?» አሉኝ።

«አሜን አልሁ የኔታ።»

እንዲቆጡኝ ጠበቅሁ። ቢቆጡኝ በወደድሁ ነበር። እሳቸው ግን በምርኩዛቸው የድልድይዋን ጠርዝ ፈለጉ፣ ለክራንቼ ቦታ እንዲሆነኝ ወደ ቦዩ አፍ ተጠግተው ቆሙልኝ፣ አሳለፉኝ።